ከደጃፋችን መሐል የሚተከለው አበባ

(በሰፈራችን መረዳጃ እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ሊቀመንበራችን የሒሳቡን ሪፖርት ካሰሙ በኋላ ለእኔ የሰጡኝ ግማሽ ሰዓት ነው። ርእሱም ቀላል ይመስላል። ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ በየቤታችን ደጃፍ አንድ አንድ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ እንትከል ብለን ባለፈው ስብሰባ እጅ አውጥተናል። ምን እንትከል የሚለው ግን ሳይወሰን ቀረ። ጸሐፊው አጥንቶ ያቅርብ ተባለ። እንደምታውቁት እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። የዕጽዋት ሊቅ አይደለሁም። ቢሆንም የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄአለሁ፤ ችግኝ ጣቢያ ተመላልሻለሁ፤ ሞጣ እህቴ ዘንድ አንድ ሳምንት ሰንብቼ የሰው ደጅ ሳይ ከርሜአለሁ። ልጄም ከመጽሐፍ እያነበበች ነግራኛለች። ያገኘሁትን እነሆ ልናገር።

አስቀድሜ ግን ሁላችንም የምናውቀውን፣ በስብሰባ ላይ ግን አንድም ሰው ያላነሳውን ነገር ላንሳ። እሱን ሳላነሳ ስለ አበባ ባወራ ወሬው ከንቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከአባሎቻችን አንዱ አረፉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ሌሊት ጥሩምባ ተነፋ፤ ሲነጋ ድንኳኑንና አግዳሚውን ይዘን ሄድን። ግቢው ጠባብ ነው። ከግቢው መሐል ላይ ደግሞ ሟቹ ራሳቸው ከባሕር ዳር ተሸክመው ያመጡት ቡገንቪላ ቆሟል። ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ ክብ ሠርተውለታል። የድንኳኑ ምሰሶ የሚያርፈው እዚያው ክቡ ላይ ሆነ። ወደ ግራ እንዳንል የውሃ ቆጣሪው አለ፤ ወደ ቀኝ እንዳንል ማድ ቤቱ አለ። ለቀስተኛው እየመጣ ነው፤ ጎረምሶቹ ቸኩለዋል። አንዱ መጥረቢያ ይዞ መጣ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። "ተዉ፣ ቆይ እንመካከር" ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። በሦስት ምት ወደቀ። ባለቤታቸው ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከወደቀው ላይ አንድ ቅርንጫፍ አንስተው ይዘው ገቡ።

ከአርባው በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። "እሱስ ቀኑ ደርሶ ነው፤ አበባው ምን አጠፋና ገደላችሁት?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እንግዲህ እኔ ስለዚህ ተክል ሳጠና መጀመሪያ የያዝኩት መጽሐፍ ወይም ችግኝ አልነበረም፤ የዕቃ ቤት ኃላፊያችንን የመለኪያ ገመድ ነው። ድንኳናችን ሲዘረጋ ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ወርዱ አምስት ሜትር ነው። በእኛ ሰፈር ድንኳኑ ሳይታጠፍ በደንብ የሚዘረጋበት ደጃፍ ከግማሹ ቤት በታች ነው። ስለዚህ "መሐል" ስንል በገመድ የተለካ መሐል ማለታችን መቅረት አለበት። አንድ እንግዳ በራችንን ከፍቶ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ከማድ ቤቱ በተቃራኒ በኩል ነው። ተክሉ እዚያ ይቁም። ለዓይን መሐል ይሆናል፤ ለድንኳንና ለቃሬዛ ግን መንገድ ይለቃል። ለሠርግም ያው ነው። ዳስ የሚጥል ሰው ቀድሞ አበባ ነቃይ እንዳይሆን!

ደግሞም በሲሚንቶ ክብ አትሥሩ። ውሃውን ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ለእኛም ምሰሶ እንቅፋት ነው። ድንጋይ ደርድሩ፤ ሲያስፈልግ ይነሳል።

አሁን ወደ ተክሉ ልግባ።

አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው ቡገንቪላ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ያላየው የለም፤ በየግንቡ ላይ ቀዩና ሐምራዊው ተንጠልጥሎ ያማልላል። ነገር ግን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት። ቢቸናም ሞጣም ወደ 2500 ሜትር ይጠጋሉ። ከፍታው መቶ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ይላሉ የሚያውቁ። እንግዲህ ሰባቱን መቶ ሜትር አስሉት። ከባሕር ዳር ልብስ ሳይደርብ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ጋቢ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ተክሉ ደግሞ ጋቢ የለውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ውርጭ ሲጥል የቡገንቪላው ለጋ ቅርንጫፍ ጠቁሮ ያድራል። ሥሩ ከተረፈ ያቆጠቁጣል፤ ግን ዓመት ሙሉ ያደገውን በአንድ ሌሊት ያጣል።

ስለ ቡገንቪላ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልለፍ፤ እኔን በጣም ስለገረመኝ ነው። ያ ቀይ የምናየው አበባው አይደለም። ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ ከመካከሉ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ስሙን ያገኘው ቡገንቪል ከተባለ የፈረንሳይ መርከበኛ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን ሲዞር አብሮት ኮሜርሶን የሚባል የዕጽዋት አዋቂ ነበር። የኮሜርሶን ረዳት ደግሞ ዣን ባሬ የምትባል ሴት ናት። ሴት በመርከብ መሄድ ክልክል ስለነበረ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የተሳፈረችው። ኋላ ዓለምን በመርከብ የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ታሪኳ ተጻፈ። ቡገንቪላውን ከብራዚል የለቀሙት እነሱ ናቸው። ይህንን ለሚስቴ ብነግራት "ታዲያ ስሙ ለምን በካፒቴኑ ተጠራ?" አለችኝ። ጥያቄዋን ለስብሰባው አቅርቤአለሁ።

ቡገንቪላ የግድ የሚል ካለ አልከለክልም። ፀሐይ ውሎ ሙቀት ይዞ ከሚያድር ግንብ ወይም ጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ይትከለው፤ በሁለቱ የውርጭ ወራት ማታ ማታ ማዳበሪያ ከረጢት ያልብሰው። ውሃ ብዙ አይፈልግም፤ እንዲያውም ውሃ ሲያንሰው ነው በብዛት የሚያብበው። ደጃፍ መሐል ላይ ለብቻው ማቆም ግን በእኛ አገር ተክሉን መቅጣት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መርዝ ነው። እዚህ ላይ ራሴን አጋልጣለሁ።

ኦሊያንደር የሚባል ተክል አለ። ቅጠሉ ረዘም፣ ጠንከር፣ ሾል ያለ ሲሆን አበባው ቀይ ወይም ነጭ ነው። በየከተማው በመንገድ ዳር ተተክሎ ታዩታላችሁ። ድርቅ ይችላል፤ ፍየልም አይነካውም ብለው ሰጡኝና ከበሬ አጠገብ ተከልኩት። ሦስት ዓመት አማረልኝ። ከዚያ አንድ ቀን ቅርንጫፉን ከርክሜ ቁራጩን ከአጥር ውጭ ወረወርኩት። እርጥብ ሳለ ቅጠሉ ስለሚመር ከብት አይደፍረውም፤ ሲጠወልግ ግን ይለሳለሳል። የጎረቤቴ እርጉዝ በግ ከዚያ ቁራጭ በላች። በማግሥቱ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ቆይቶ እንደተረዳሁት መርዙ የልብ መርዝ ነው፤ ጥቂት ቅጠል ይበቃዋል፤ ለሰውም ያው ነው። በጉን ከፈልኩ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ስለሆነ ገንዘቡን አልፈልግም ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የግድ ያልኩት። ተክሉን ከነሥሩ ነቅዬ ቀበርኩት። አላቃጠልኩትም፤ ጭሱም ይጎዳል ብለውኛልና።

ስለዚህ ኦሊያንደር በዚህ ሰፈር ደጃፍ ላይ እንዳይተከል በእድሩ ስም እጠይቃለሁ። እንደ መለከት ቁልቁል የሚንጠለጠል ትልቅ አበባ ያለው፣ ማታ ማታ የሚሸተው ተክልም እንዲሁ። እሱ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ አስተናግር ምን እንደሚያደርግ አባቶች ታውቃላችሁ። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ይቅርብን። አበባው ቢጫና ሮዝ ሆኖ ያምራል፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ወፍ ፍሬውን እየበላ ይዘራዋል፤ ከብት ሲበላው ጉበቱን ያጠፋዋል። በአገራችን ምሥራቅ በኩል ስንት ግጦሽ እንደሸፈነ የሄደ ያውቃል። የራስን ደጅ አሳምሮ የገበሬን መሬት ማበላሸት ነው።

ሦስተኛው አፈርና ውሃ ነው። የእኛ የቢቸና አፈር ዋልካ ነው፤ ለጤፍ የተባረከ፣ ለአበባ ሥር ግን አስቸጋሪ። ክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያንቀዋል፤ በጋ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሰዋል። ሞጣ የእህቴ ግቢ አፈሩ ቀይ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ እሷ ጉድጓድ ቆፍራ ብትተክል ይበቃታል። እኛ ግን ጉድጓድ ብቻ ቆፍረን ከተከልን ተክሉን ጋን ውስጥ እንደከተትነው ነው። ስለዚህ በዋልካ ላይ ጉብታ ነው የሚሠራው። አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ ከታች ጠጠር ማድረግ፣ አፈሩን ከአሮጌ ፍግና ከአሸዋ ጋር ማደባለቅ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መትከል፣ በአንድ በኩልም ትንሽ ቦይ መቅደድ ነው። ይህን ያስተማሩኝ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ እናት ናቸው። "አበባ እግሩን ታጥቦ እንጂ እግሩን ነክሮ አይኖርም" አሉኝ።

ስለ ውሃ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ ያስታወቀ ዕለት እኛም በሰፈራችን አርባ ችግኝ ተክለን ነበር። ዘፈኑ፣ ፎቶው፣ ሁሉ ነበረ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ዞሬ ስቆጥር የቆሙት ዘጠኝ ናቸው። በሬ አልበላቸውም፣ ልጅ አልነቀላቸውም። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያጠጣቸው ሰው አልነበረም። መጋቢት ላይ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ሲመጣ ሰው ለልጁ ነው ለአበባ የሚያጠጣው? አልፈርድም። ግን ይህን እያወቅን በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ የሚጠይቅ ተክል መምረጥ ራስን ማታለል ነው።

እንግዲህ ውርጭ የሚችል፣ መርዝ የሌለው፣ መጋቢትንና ሚያዝያን በጥቂት ውሃ የሚያልፍ፣ አበባው ለዓይን የሚሞላ፣ ከተቻለም ለንባችን የሚሆን ተክል ማን ነው? ዞሬ ዞሬ የደረስኩት ቀጋ ላይ ነው።

ኮሚቴው ፊት ይህን ሳቀርብ የተሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። "ቀጋ! የእረኛ ምሳ!" አሉ። አንድ አባት ደግሞ "ልጄ፣ ቀጋ ለአጥር ነው። አጥር ወደ ደጃፍ መሐል ከገባ ቤቱ ጠበበ ማለት ነው" አሉኝ። አነጋገራቸው ጥሩ ነው፤ ስጽፈው ደስ ብሎኛል። ግን እስቲ እንመርምረው።

ቀጋ ምንድን ነው? ጽጌረዳ ነው። በገንዘብ ገዝተን በጀሪካን ውሃ የምንንከባከባት የፈረንጅ ጽጌረዳ እና እረኛ ሳለን እጃችንን የቧጨረን ቀጋ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እንዲያውም ከሰሃራ በረሃ በታች ባለው አፍሪካ ማንም ሳያመጣት ከምድሯ የበቀለች የጽጌረዳ ዘር ቀጋ ብቻ ናት ይላሉ ሊቃውንቱ። በሳይንስ ስሟም በአገራችን የተጠራ ነው፤ ሮዛ አቢሲኒካ ይሏታል። ከ1900 ሜትር አንስቶ 3300 ሜትር ገደማ ድረስ ትበቅላለች። የእኛ ከፍታ ማለት እንግዲህ ለእሷ መሐል ቤቷ ነው። የጮቄ ብርድ ያላስደነገጣት የቢቸና ውርጭ አያስደነግጣትም። አበባዋ ነጭ፣ አምስት ቅጠል ያለው፣ መዓዛው ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ ፍሬዋ ቀልቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ማለት አበባው ካለቀ በኋላም ደጁ ባዶ አይሆንም። ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፤ ውስጡ ያለውን ፍሬና ጠጉር ማውጣት ብቻ ነው፤ ጉሮሮ ያሳክካልና። የእኛ ትውልድ ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ የአሁኖቹን ግን ማስተማር ያስፈልጋል።

ንብ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ያቺ ብዙ ድርብርብ ቅጠል ያላት የገበያ ጽጌረዳ ለንብ ብዙ አትረባም፤ የአበባው ዱቄት የሚወጣበት ቦታ ወደ ቅጠል ተለውጦ ነው ድርብርብ የሆነችው። ቀጋ ግን ክፍት ናት፤ ንብ ገብታ ጭና ትወጣለች።

አጥር ወደ መሐል ገባ ላሉት አባት አንድ ታሪክ ልጨምር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሪሻር የሚባል የፈረንሳይ የዕጽዋት ሊቅ ስለ አገራችን ተክሎች ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በትግራይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተተክላ የተገኘችን አንዲት ፈዛዛ ቀይ ጽጌረዳ "የተቀደሰችው ጽጌረዳ" ብሎ ስም አወጣላት። ይህች ቀጋ አይደለችም፤ ሰው ያላመዳት ሌላ ዘር ናት። በኋላም ፍሊንደርስ ፔትሪ የሚባል እንግሊዛዊ በግብፅ አገር ሐዋራ በሚባል ቦታ ከጥንት መቃብር ውስጥ የደረቀ የጽጌረዳ አክሊል አወጣ፤ ያዩት ሊቃውንትም ከዚህች ከትግራዪቱ ጽጌረዳ ጋር አንድ ናት አሉ። አያቶቻችን እንግዲህ እሾሃሟን ተክል ከአጥር ወደ ቅጥር ውስጥ ማስገባት አላሳፈራቸውም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ አርባ ቀን ሙሉ በማኅሌት የአበባ ስም የሚጠራ ሕዝብ በቀጋ ሊያፍር አይገባም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ጉድለቷንም አልደብቅም። እሾሏ ቆልማማ ነው፤ ልብስ ይይዛል፤ የሕፃን ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ ከእግር መንገድ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ትራቅ። ካልተከረከመች ደግሞ ዛፍ ላይ ሳይቀር ትወጣለች። መከርከም ያለባት አበባዋ ካለቀ በኋላ ነው፤ አምና ባደገው እንጨት ላይ ስለምታብብ ከማበቧ በፊት የቆረጠ ሰው የዓመቱን አበባ ቆረጠ ማለት ነው። ፍሬዋን የሚፈልግ ግማሹን ቅርንጫፍ ይከርክም፣ ግማሹን ይተው። ፍየል ለጋዋን ይበላታል፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላት በቆረጣ እንጨት ማጠር ነው። በተለይ በገበያ ቀን የሚያልፈው አህያ ቆሞ ሳይቀምስ አይሄድም።

ቀጋን ጨርሶ የማይወድ ሰውም አለ። የገበያዋን ጽጌረዳ ልትከል ካለ ይትከል፤ የደጋ ሌሊት ቅዝቃዜ ለጽጌረዳ ይስማማታል፤ አገራችን ጽጌረዳ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራው ለዚህም ጭምር ነው። ግን ውሃ ትፈልጋለች፤ ቅጠሏ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፤ በየጊዜው የሚያያት ሰው ትሻለች። ጡረታ የወጡ አባሎቻችን ቢይዟት ጥሩ ነው።

አምጃም አለ። በዚህ በእኛ ደጋ የሚበቅል፣ አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ ደቃቅ ሆኖ የማይረግፍ ነው። ከቀጋ ቀጥሎ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ እሾህ የለውም፤ ሕፃናት ለሚበዙበት ቤት ይሻላል። ችግኙ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ዘሩን ለማፍላት እየሞከርን ነው። ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡ። ነቅሎ የመጣ ሲጸድቅ አላየሁም፤ ጫካውም የማንም አይደለም ተብሎ አለቀ እኮ!

አንፋርን ንብ ያላችሁ አስቡት፤ ብርቱካናማ አበባው ለቀፎ ጥሩ ነው። ትልቅ ስለሚሆን ሰፊ ግቢ ይሻል። ድግጣ፣ አንዳንዱ ዝግጣ የሚለው፣ ቢጫው አበባው ሲንዠረገግ ያምራል። ከብት አይበላውም፤ ቅጠሉን ለቅማልና ለመዥገር እናቶቻችን ይጠቀሙበት ነበር፤ ፍሬው ግን ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ አለውና ልጅ ያለበት ቤት ይቅር። አጋም መዓዛው ግሩም ነው፤ እሱም እሾሃም ነው። ጠምበለል ተጠምጣሚ ስለሆነ ለበር ላይ እንጂ ለመሐል አይሆንም። አቅም ላነሰው፣ ውሃም ጉልበትም ለሌለው ሰንሰል አለ። ቆርጠህ ብትሰካው ይበቅላል፤ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ብር አያስወጣም። ሰንሰል የተከለ ቤት ውሳኔውን እንደፈጸመ ይቆጠርለት ብዬ ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ በዚህ ነገር ማንም ቤት ከማንም ቤት አንሶ እንዳይታይ።

ጌሾስ ያላችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። በጎጃም ግቢ ውስጥ ጌሾን የሚያህል ተክል እንደሌለ እኔም አምናለሁ። ግን አበባው አይታይም። የሚታየው ጠላው ነው። እሱ ከጓሮ ይቆይ።

ባሕር ዛፍ አጠገብ ምንም አትትከሉ። ውሃውን ይጠጣዋል፤ ቅጠሉም የወደቀበትን ያመክናል።

አተካከሉን በአጭሩ ልናገር። ጉብታው በሰኔ ይሠራ፤ አፈሩ ይረፍ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይተከላል። የቀጋ ቁራጭ የሚተክል ሰው እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የሆነ፣ ያልደረቀም ለጋም ያልሆነ እንጨት ይምረጥ። የታችኛውን ጫፍ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቁረጥ፤ ሁለት ቡቃያ ከአፈር በታች ይግባ። ሦስት ቁራጭ አንድ ላይ ብትሰኩ አንዱ ባይይዝ ሌላው ይይዛል። ከጥቅምት በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ማታ ማታ ይበቃታል፤ ሥሯን በገለባ ወይም በጤፍ ጭድ ሸፍኑት፤ ዋልካውም አይሰነጠቅም። የሽሮ ድስትና የሰሐን እጣቢ ኦሞ ከሌለበት ይደፋላት። ጨው የበዛበት ግን አይሆንም። ሁለተኛውን ዓመት ካለፈች ወዲያ ውሃዋን ራሷ ትፈልጋለች።

አሁን ስለ አፈጻጸሙ። ከመትከላችሁ በፊት የዕቃ ቤት ኃላፊያችንና እኔ በየቤቱ እየዞርን የድንኳኑን ቦታ በገመድ እንለካለን፤ ምሰሶ የሚቆምበትን በነጭ ችካል፣ ተክሉ የሚቆምበትን በቀይ ችካል እናመለክታለን። ከነጩ ችካል ክልል ውስጥ የተተከለ ነገር ቢኖር አሁን በሰላሙ ቀን እናዛውረዋለን፤ በሐዘን ቀን መጥረቢያ አይነሳም። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቄ ተይዟል። የድንኳን ጎረምሶች ይህን ፈርመዋል፤ እኔም ፈርሜአለሁ።

የቀጋ ቁራጭ የሚፈልግ፣ የአምጃ ዘር የሚጠብቅ፣ ወይም ሌላ የመረጠ ሁሉ እስከ ግንቦት 30 ለገንዘብ ያዣችን ያስመዝግብ። ክፍያ የለውም። ፍግ የተረፈው አባል በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ቢመጣ ለሌለው እናካፍላለን። አካፋና ዶማ ከእድሩ ዕቃ ቤት በፊርማ ይወሰዳል።

ችካል መትከሉን የምንጀምረው መጀመሪያ ከነገርኳችሁ እናት ደጅ ነው። ያን ቀን ይዘውት የገቡትን ቅርንጫፍ ቆራርጠው በሦስት የዘይት ቆርቆሮ ሰክተውት ኖሯል። ሁለቱ ደርቀዋል፤ አንደኛው አቆጥቁጦ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ነጠላ ለብሶ ያድራል፤ ባለፈው ሳምንት አሳይተውኛል። የት እንደሚያርፍ እሳቸው ራሳቸው ይጠቁሙናል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ገመድ የሚይዝ ሁለት ሰው ያስፈልገናል።